በጓዳ የሳለችው ጥጃ

ቤቴን አንኳኩቶ «ስንት ናችሁ?» የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። የቀበሌ ሰው ይሁን፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ይሁን፣ ለሰርግ ሊጠራኝ የመጣ ጎረቤት ይሁን ለእኔ ለውጥ የለውም። ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፤ አፌም ይያዛል። ሰዎቹ ደግሞ ጆሮዬ የከበደ ይመስላቸውና ጮክ ብለው ይደግሙልኛል። ጆሮዬስ ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። እኔ ያን ጊዜ ለማግባት ያልደረስኩ፣ ለእንስራ ግን የደረስኩ ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ከአማኑኤል ከተማ በእግር ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቴ ገበሬ ነው። እናቴ የዲማ ልጅ ናት፤ ተድራ ነው ወደ እኛ አገር የመጣችው። ልጆቹ ሦስት ነበርን። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ ከእኔ ቀጥሎ ወንድሜ ዳኛቸው፣ የመጨረሻዋ ማንጠግቦሽ።

ማንጠግቦሽ ገና አፏን የፈታች ነበረች። ስሟን ያወጣችላት እናቴ ናት። ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ሽፋሽፍቶቿ ረጃጅም ስለነበሩ ገበያ ይዘናት ስንወጣ ሰው ቆም ብሎ ሳያያት አያልፍም ነበር። እናቴ «እንትፍ እንትፍ በሉባት፣ ዓይን ታገቡብኛላችሁ!» እያለች በነጠላዋ ትሸፍናት ነበር። ትንሿም ከነጠላው ሥር ሆና ትስቃለች።

በዚያ ዘመን በአገራችን ትልቁ ፍርሃት ቀላድ ነበር። ቀላድ ማለት የመንግሥት ሰዎች መሬት የሚለኩበት ገመድ ነው። እኛ ዘንድ መሬት የአያት የቅድመ አያት ርስት ነው፤ ቀላድ ከወደቀበት ግን ርስትነቱ ይቀራል፣ ገባር እንሆናለን ይባል ነበር። ከዚያ በፊትም በግብር የተነሳ አገሩ ተሸብሮ፣ ደም ፈስሶ፣ ገና መብረዱ ነበር። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ የያዘ የከተማ ሰው ብቅ ሲል ሰዉ እየተጠራራ ይሰወራል። በር ይዘጋል።

ታዲያ የፈንጣጣ መድኃኒት የሚወጉ ሰዎች ከደብረ ማርቆስ ተነስተው በየመንደሩ እየዞሩ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ፈንጣጣን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ፊታቸው የተቦረቦረ አዛውንት በየቤቱ ነበሩ። ልብ በሉልኝ፣ መድኃኒቱን የጠላ ማንም የለም። ዛሬ ለጎረቤት ልጆች ይህን ስነግራቸው «መሃይም ስለነበራችሁ ነው» ይሉኛል፤ እናደዳለሁ። እኛ መድኃኒቱን ሳይሆን ቆጠራውን ነው የፈራነው። ሰዎቹ በየቤቱ እየገቡ የሰዉን ቁጥር በወረቀት ያሰፍራሉ ተባለ። «አሁን ሰዉን ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ መሬቱ ይመጣሉ» አሉ ትልልቆቹ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተመከረ። መድኃኒቱ ይወሰድ፣ ቁጥሩ ግን ይቀነስ ተባለ። እያንዳንዱ ቤት የሚያሳየው ሰው ተወሰነለት። የነፍስ አባታችንም ግዝት ጣሉበት፤ የራሱንም ሆነ የጎረቤቱን እውነተኛ ቁጥር ለመንግሥት ሰው የነገረ የተገዘተ ይሁን አሉ። ሁሉም «ይሁን» አለ።

ግዝት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ ግዝት የጣሰ ሰው አይቆርብም፤ ቢሞትም ፍትሐት የለውም። አባቴ ነብር ቢመጣበት የማይሸሽ ሰው ነው፤ ግዝት ሲባል ግን ላብ ያጠምቀዋል።

የእኛ ቤት ድርሻ ሦስት ሰው ሆነ፤ አባቴ፣ እኔና ዳኛቸው። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። መርፌ ጽንስ ያስወርዳል ስለሚባል እሷም ራሷ መውጣቱን አልፈለገችም። ማንጠግቦሽ ደግሞ ጉንፋን ይዟት ነበርና «ትንሿ ሌላ ጊዜ ትደርሳለች» ተባለ።

ሰውዬው በማለዳ መጣ። ያን ጊዜ መርፌ የሚወጋውን ሁሉ ድሬሰር ነበር የምንለው። ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ወጣት ነው። ጫማው ፊቱ ተቀዶ አውራ ጣቱ ይታያል። ሳጥኑን በትከሻው አንግቷል። ከኋላው የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹም አለሙ፣ ዱላቸውን ይዘው ይከተላሉ። መንገድ ሊያሳዩ ነው የተባለው። እውነቱን ለመናገር ግን ማንም እንዳይናገር ሊጠብቁ ነው።

እናቴ ማንጠግቦሽን አቅፋ ጓዳ ገብታለች። በጓዳውና በመደቡ መካከል ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ። ስንት ናችሁ?» አለ ድሬሰሩ።

«ሦስት ነን» አለ አባቴ።

«ባለቤትዎስ?»

«ዲማ ናት። ወላጆቿን ልትጠይቅ ሄዳለች።»

ድሬሰሩ ሳጥኑን ከፈተ። መርፌው እንደምንፈራው አልነበረም፤ ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት ጥርስ ያላት ትንሽ ነገር ናት። ከብልቃጥ ነከር ያደርግና ክንድ ላይ ወጋ ወጋ ያደርጋል፤ አለቀ። መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ዳኛቸውን ወጋን። ዳኛቸው ሊያለቅስ ከንፈሩን ሲያጣምም ድሬሰሩ «ጎበዝ! አንተማ ወታደር ትሆናለህ» አለውና ለቅሶው ቀረ።

ዕቃውን ሊሸክፍ ሲል ከጓዳው ሳል ተሰማ። የልጅ ሳል ነው፤ ያውም ሁለቴ። ከዚያ ቀጥ አለ። እናቴ አፏን በመዳፏ እንደከደነችው ወዲያው ገባኝ።

ጭቃ ሹሙ ዱላቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉት።

«ጥጃ ናት» አለ አባቴ። «ብርድ መትቷት ነው።»

እንግዲህ ጥጃችን፣ ያለችን አንዲት ጥጃ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ታስራ ከድሬሰሩ ፊት ለፊት ቆማለች። ድሬሰሩ ጥጃዋን አየ። ከዚያ አባቴን አየ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ነበር።

ድሬሰሩ ግን አልተቆጣም። ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይህ መድኃኒት እኮ ከጥጃ ነው የሚገኘው፣ አባቴ» አለ ቀስ ብሎ። «ለጥጃም ቢሆን አይከፋም። ጥጃዋን ብወጋት ደስ ይለኛል። ጥጃ ደግሞ ሰው አይደለችም፤ ወረቀት ላይ አልጽፋትም።»

አባቴ ገብቶታል። እኔ እንኳን ልጅዋ ገብቶኛል። የአባቴ ፊት ሲለዋወጥ ዛሬም ይታየኛል። አንድ እርምጃ ወደ ጓዳው ዞር አለ። «እሺ ሊል ነው» አልኩ በልቤ። ከዚያ ጭቃ ሹሙን አየና ባለበት ቀረ።

ጭቃ ሹሙ ሳቁ። «ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! ጥጃም ይከተባል? ና ባክህ እንሂድ፣ ብዙ ቤት ይቀረናል» አሉት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለ አባቴ። «ጥጃዋ ደህና ናት።»

ድሬሰሩ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። ለአባቴ ብቻ አልነበረም የሚናገረው፤ ጓዳው ውስጥ እንዲሰማ ነው። «እስከ ቅዳሜ አማኑኤል አለን። ከዚያ ወደ ደምበጫ እናልፋለን። ሐሳብዎን ከቀየሩ ጥጃዋን ያምጡልኝ፤ ማንም አይጠይቅዎትም።»

እንደሄዱ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋ በእንባ ርሷል። «ምናለ ቢያስወጓት?» አለችው አባቴን። «ልጁ አወቀ እኮ! አውቆ እኮ ነው የለመነዎት!»

«ግዝቱስ?» አለ አባቴ።

«ግዝቱን አባ ይፈቱታላ! የገዘቱት እሳቸው አይደሉ?»

አባቴ የዚያኑ ዕለት የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄደ። እኔም ተከተልኩት፤ ቂጣ ላደርስላቸው ተልኬ ነበር። ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ግዝቱ የተጣለው በሕዝብ ፊት ነው። አንተን ብቻዬን ፈትቼ ብልክህ ነገ ሌላው ምን ይለኛል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም እፈታዋለሁ» አሉት።

«ሰዎቹ ግን ቅዳሜ ይሄዳሉ፣ አባ» አለ አባቴ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ ቄሱ።

እሑድ ግዝቱ ተፈታ። በግቢው ትንሽ ጭቅጭቅ ነበረ፤ ግን ተፈታ። አባቴ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ማንጠግቦሽን በጋቢው ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ አማኑኤል ወረደ። እናቴ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታ፣ ንጹሕ ቀሚስ አልብሳ ነው የላከቻት። ማታ ሲመለሱ ማንጠግቦሽ ከረሜላ እየመጠጠች ነበር። አባቴ ከትከሻው አወረዳትና መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ሄደዋል» አለ። «ተመልሰው ይመጣሉ አሉ።»

«ደምበጫስ?» አለች እናቴ።

«ጤፉ ሊረግፍ ነው፣ አጨዳው ማንን ይጠብቃል? ይመለሳሉ ብለዋል እኮ።»

በእውነት አጨዳ ደርሶ ነበር፤ አባቴን በዚህ አልፈርድበትም። በሌላው ግን ስንት ዓመት ፈርጄበታለሁ።

አጨዳው አልቆ፣ አውድማ ተነስቶ፣ ጥምቀትም አለፈ። ክንዴ ላይ የወጣው ቁስል ደርቆ፣ ቅርፊቱ ወድቆ ክብ ጠባሳ ሆነ። እኔና ዳኛቸው የማን ጠባሳ ይበልጣል እያልን እንለካካለን። ማንጠግቦሽም «የኔስ?» እያለች ክንዷን ትገልብ ነበር። ዳኛቸው በከሰል ክብ ይሥልላታል፤ ደስ ይላታል።

ከዚያ አንድ ጎረቤታችን ቆላ ለሥራ ወርዶ ታሞ ተመለሰ። ትኩሳት ነው ተባለ፤ ወባ ነው ተባለ። ፊቱ ላይ ሲወጣ ግን ሁሉም አወቀው፤ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ግን አልነበረም።

በሽታው «ስንት ናችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ከየቤቱ የተደበቁትን እየለየ ያዘ። ከዚህ ቤት ከአልጋ ሥር የተሸሸገውን ልጅ፣ ከዚያ ቤት ጎተራ ውስጥ የገባችውን ልጅ። የተወጋነው ስንቆም፣ ያልተወጉት ወደቁ። የማን ቤት ማንን ደብቆ እንደነበረ ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ በግልጽ አየው። የጭቃ ሹሙ የልጅ ልጅም አልተረፈም።

ማንጠግቦሽ አንድ ቀን «ወገቤን» እያለች አለቀሰች። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ከዚያ ፊቷ ላይ፣ እጇ ላይ፣ ውስጥ እግሯ ላይ ወጣባት። የታመመ ሰው ከመንደር ይለያል፤ ደንቡ ነው። አባቴ ማሳው ዳር ጎጆ ቀለሰ። እናቴ «ልጄን ብቻዋን አልሰጥም» ብላ አብራት ገባች። ሆዷ ያን ጊዜ ገፍቶ ነበር። ሰዉ ሁሉ «ተይ፣ አንቺ አልወጣልሽም፣ አልተወጋሽም» ቢላት ማን ሰምቶ!

ምግብና ውሃ የማደርስ እኔ ሆንኩ። ጠባሳ አለኝና። ሌላው ሰው ገና ከሩቅ ነጠላውን በአፍንጫው ላይ አድርጎ ሲዞር እኔ ዘው ብዬ እገባለሁ። ልብስ ከቁስሉ ጋር ስለሚጣበቅ የኮባ ቅጠል አንጥፈን ነበር ያስተኛናት። ሽታውን አልነግራችሁም። ማንጠግቦሽ ዓይኖቿ አብጠው ተከድነዋል። «ለምን መሸ?» ትላለች በጠራራ ፀሐይ። እናቴ «አሁን ይነጋል የኔ ዓለም፣ አሁን ይነጋል» ትላታለች።

እናቴም ያዛት። መጀመሪያ ልጁ ከሆዷ ወረደ። እኔ ምን አውቃለሁ? የምጮኸው ወደ አባቴ ነው። አባቴም የተወጋ ነውና ገብቶ አነሳት፣ ውሃ በጨርቅ እየነከረ ከንፈሯን ያርሳል። አንድ ጊዜ ነቃ ብላ እጄን ሳበችኝና ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ዳበሰችው። ሳመችው። ከዚያ በኋላ የሚገባ ነገር አልተናገረችም።

ስትሞት ለቅሶ አልነበረም። እናንተ፣ በእኛ አገር ሰው ያለ ለቅሶ ሲቀበር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሙሾ አውራጅ የለ፣ ደረት የሚመታ የለ። አባቴና አንድ ፊቱ የተቦረቦረ፣ ቀድሞ የወጣለት ሽማግሌ ተሸክመው ቀበሯት። ቄሱ ራቅ ብለው ቆመው ጸለዩ። የዲማ ዘመዶቿ ሞቷን የሰሙት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አባቴ ለድሬሰሩ «ዲማ ናት» ብሎት ነበር እኮ። እሷ ግን ወላጆቿን ሳታይ ቀረች።

ማንጠግቦሽ ተረፈች። ቁስሉ ሲደርቅ፣ እብጠቱም ሲጎድል ዓይኖቿ ተከፈቱ፤ ነጭ ሆነዋል። ሁለቱም። ያ ሁሉ ሰው ቆም ብሎ የሚያየው ዓይን ማየት ተሳነው። «ነጋ እንዴ?» አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? «ገና ነው» አልኳት።

ድሬሰሮቹ ወሬው ደርሷቸው ተመለሱ። ያው ልጅ ነው፤ ጢሙ ወጥቷል፣ ጫማው ግን ያው ነው። አብሮት ሌላ ሰው አለ። ማንጠግቦሽ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥጃዋም አድጋ ጊደር ሆና አጠገቧ ታስራለች። ድሬሰሩ ከበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀና ከልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ስምሽ ማን ነው?» አላት።

«ማንጠግቦሽ» አለች።

ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አባቴ ከቤት ወጣ። በአንድ በጋ ኩምትር ብሎ ያረጀ ሰው ሆኖ ነበር። ልጅቷን በእጁ አሳየው።

«ጥጃዋ ይቺ ናት» አለው።

ድሬሰሩ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «አውቄ ነበር» አለ። «አልቅሼም ቢሆን፣ ገፍቼም ቢሆን መግባት ነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ አባቴ።»

ወይ ጉድ! ይቅርታ ጠያቂው እሱ ሆነ! አባቴ ድሬሰሩን ትከሻውን ይዞ እንደ ሴት ተንሰቀሰቀ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ በእናቴ ቀብር እንኳን አላለቀሰም።

ያን ቀን መንደሩ ከጓዳም ከጎተራም የቀረውን ሰው ሁሉ አወጣ። አራስ ሳትቀር፣ ሽማግሌ ሳይቀር ተሰልፎ ክንዱን ገለበ። ቁጥሩ ምን ያህል እንደሆነ የጠየቀም፣ የደበቀም የለም። ጭቃ ሹሙ ራሳቸው ከቤት ቤት እየሄዱ ይጠሩ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ ብዙ ሳይቆይ ጃንሆይ ወረዱ። መሬቱ ተለካ፣ ተሸነሸነ፣ ለዚህም ለዚያም ታደለ። ያ የእናቴ ነፍስና የማንጠግቦሽ ዓይን የተከፈለበት ርስት እንደዋዛ ሄደ። ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም አባቴ ማሳው ሲለካ ዞር ብሎም አላየም።

አንድ ነገር ግን ነበረው። ከዚያ ወዲህ «ጥጃ» የሚለውን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። «የላሟ ልጅ» ነበር የሚል። «የላሟን ልጅ አስገቧት»፣ «የላሟ ልጅ ጠባች?»። ያላወቀ ይስቅበታል። እኛ አንስቅም። እንዲሁ እንዳለ ሞተ፣ ነፍሱን ይማር።

እኔ ባል አግብቼ፣ ባሌም ሞቶ፣ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ልብስ እየሰፋሁ ኖርኩ። ዳኛቸው ወታደር ሆነ፤ ድሬሰሩ በቀልድ የተናገረው ደረሰበት። ከሄደበት አልተመለሰም። ማንጠግቦሽን አምጥቼ ከእኔ ጋር አደረግኋት። ጥጥ ትፈትላለች። ዓይን ያለው ሰው እንደሷ አያቀጥነውም። ምላሷም ስለት ነው፤ የሰፋሁትን ቀሚስ በእጇ ዳብሳ «ይህን የሰፋሽው ተኝተሽ ነው?» ትለኛለች። እንኳረፋለን፣ ደግሞ እንታረቃለን። ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም። ትንሽ ስለነበረች አታስታውሰውም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

በዚያ በኮሮና ጊዜ ነው። አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች የጤና ጣቢያ ልጅ ሳጥን በትከሻዋ አንግታ ደጃችን ቆመች። ለአዛውንት ክትባት እየሰጠን ነው አለች። ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ፊቷ የተባረከ ልጅ ናት። እርሳሷን አወጣችና «እማማ፣ እዚህ ቤት ስንት ናችሁ?» አለችኝ።

ያ ነገር መጣብኝ። አፌ ተያዘ። የማውቀውን ቁጥር መናገር አቃተኝ። ልጅቷ ጆሮዬ የደነቆረ መስሏት «ስንት ናችሁ፣ እማማ?» ብላ ጮኸች።

ይህን ጊዜ ከጓዳ ድምፅ መጣ። «ሁለት ነን!» አለች ማንጠግቦሽ። «እኔም አለሁ፣ ልጄ! ጥጃ አይደለሁም!»

ልጅቷ ሳቀች። አሮጊት ቀለደች ብላ ነው የሳቀችው። እኔ ግን በሩን ይዤ ቆምኩ። ለካ ታስታውስ ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን ይዛው ኖራለች።

እንዝርቷን እንደያዘች ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። ወንበር ሰጠኋት። ክንዷን ራሷ ገለበች፤ ዳኛቸው በከሰል ክብ የሚሥልባትን ክንድ። ልጅቷ በጥጥ ጠረገችና ወጋቻት። ማንጠግቦሽ ጥጡ ሲነካት ራሷን ቀና አደረገች።

«የእማዬ መዳፍ ጥጥ ጥጥ ይሸት ነበር» አለች። «አፌን ስትይዘኝ።»

ልጅቷ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ማንጠግቦሽ ክንዷን እንደዘረጋች ቀረች፤ ገና የሚቀር ነገር ያለ መስሏት ነው። ቆይታ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ጨረሰች?» አለችኝ።

«ጨርሳለች» አልኳት።

«ይኸው ነው እንዴ?»

ስንት ነገር ልላት አሰብኩ። ስለ አባቴ ልነግራት፣ ስለ ግዝቱ ልነግራት፣ በጋቢው ጠቅልሎ አማኑኤል ድረስ እንደተሸከማት ልነግራት። ያ ሁሉ ከሆዴ አልወጣ አለኝ። አባቴን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ፤ ያን ዕለት ግን እንደገና ተናደድኩበት። ዛሬም አልበረደልኝም። እየተናደድኩም አዝንለታለሁ።

«ይኸው ነው» አልኳት፤ እጅጌዋን አወረድኩላት።